ተኩሱ ቤቱን ያናውጣል፣ ንግግሩ አይሰማም፦ ሆም ቴአትር ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቅርቡ ባለ 55 ኢንች ስማርት ቲቪ ገዝተናል። ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ (11 እና 4 ዓመት) ጋር ፊልም እናያለን። ብዙውን ጊዜ በፍላሽ አስጭነን ነው። አክሽን ስንከፍት ሰዎቹ ሲያወሩ አይሰማም። ድምፅ ስጨምር ደግሞ ተኩሱና ፍንዳታው ቤቱን ያናውጠዋል። ትንሹ ጆሮውን ይይዛል፣ የታች ቤት ጎረቤት ያንኳኳል። ትርጉም ፊልም ሲሆን ግን ይህ ችግር የለም። ምስሉም ፊልም ፊልም አይልም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ድራማ ይመስላል። ካርቱኖቹ ሲሮጡ የእጅና የእግራቸው ዙሪያ ይሟሟል። ጨለማ ቦታ ላይ ምኑም አይታይም። ሻጩ «ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ከነቤዙ ውሰጂ፣ ቤትሽ ሲኒማ ቤት ይሆናል» ይለኛል። ቲቪው ችግር አለበት? ሆም ቴአትሩንስ ልግዛ?

መልስ፦ ቲቪው ጤነኛ ነው። ሆም ቴአትሩን አይግዙ። ሻጩ ያለዎትን ችግር አልሰማም፤ ያለውን ዕቃ ነው የነገረዎት። እርስዎ ያነሱት አንድ ችግር አይደለም፤ የየራሳቸው ምክንያት ያላቸው ሦስት ችግሮች ናቸው። አብዛኛው ሪሞት ላይ የሚያልቅ ነው።

ከድምፁ እንጀምር። የአክሽን ፊልም ድምፅ የሚቀመረው ለሲኒማ አዳራሽ ነው። እዚያ መለኪያው የታወቀ ነው። መነሻው 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ላይ ይስተካከላል፤ እያንዳንዱ ዋና ስፒከር እስከ 105 ዴሲቤል ድረስ መጮህ ይችላል። ቤዙ ከዚያም ያልፋል። በሹክሹክታና በፍንዳታ መካከል ያለው ልዩነት ሆን ተብሎ ሰፊ የተደረገ ነው፤ ሰው ከወንበሩ እንዲዘል። ሳሎኑ ውስጥ ግን በዚያ ድምፅ ፊልም የሚያይ የለም። ሪሞቱን ይዘን ፍንዳታው እስኪቻል ድረስ እንቀንሳለን። ያኔ ንግግሩም አብሮ ይወርድና ከፍሪጁ ድምፅና ከመንገዱ ጩኸት በታች ይሆናል። እርስዎ መልሰው ሲጨምሩ ቀጣዩ ተኩስ ይደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ሪሞት ይዞ መታገል ማለት ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ፊልሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስድስት የድምፅ መስመር ነው፤ አምስቱ ለስፒከሮች፣ አንዱ ለቤዝ። ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው መሀል ላይ ባለችው አንዲት መስመር ነው። የእርስዎ ቲቪ የመሀል ስፒከር የለውም። ስለዚህ ስድስቱንም ጨፍልቆ በሁለት ስፒከር ያወጣቸዋል። ንግግሩ ለብቻው የነበረውን ቦታ ያጣል። ከሙዚቃው፣ ከሚሰበረው መስታወትና ከሄሊኮፕተሩ ጋር መጋፋት ይጀምራል።

ትርጉም ፊልም ላይ ችግሩ የማይሰማዎትም ለዚህ ነው። ተርጓሚው ማይክ ፊት ተቀምጦ ድምፁን ሲጭን የፊልሙ የራሱ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። ፍንዳታውም አብሮ ይታፈናል። የሰው ድምፅ ከሁሉም በላይ ሆኖ ይቀራል። ይህን ማስተዋልዎ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ነገሩን ይዘጋዋል። ስፒከሩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ተርጓሚውም አይሰማም ነበር።

ቲቪው የት እንደተቀመጠ አልነገሩኝም። ብዙ ቤት ቡፌ መሀል ነው። እንደዚያ ከሆነ ከዚያ ይጀምሩ። ቲቪ እየቀጠነ ሲመጣ ስፒከሩ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ዛሬ የአብዛኞቹ ስፒከር ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው የሚያወጣው። ቡፌ ውስጥ ወደ ኋላ ገፍተው ካስቀመጡት ድምፁ እንጨቱን እየመታ ነው ሶፋው ጋ የሚደርሰው። በመንገድ የሚጠፉት ደግሞ ንግግሩን የሚለዩት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የመሳሰሉት። ሰውዬው ሲያጉረመርም ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ቲቪውን ወደ ቡፌው ጠርዝ ይሳቡት። ከሥሩ የዳንቴል ልብስ ካለ ያንሱት። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ በሶፋውና በቲቪው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ። መስኮቱ ትልቅ ከሆነ ማታ ወፍራሙን መጋረጃ ይዝጉት። እነዚህ ነገሮች ጩኸቱ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አያደርጉም። ቤት ውስጥ የሚንጫጫውን ግን ይቀንሱታል፤ ንግግር የሚጠራውም ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ ድምፁ ሴቲንግ ይግቡ። ስሙ ከቲቪ ቲቪ ይለያያል፤ የሚፈልጉት ግን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ንግግርን የሚያጎላው ነው፤ «ክሊር ቮይስ» ወይም «ስፒች» የሚል ነገር ይፈልጉ። ሌላው «ናይት ሞድ» ወይም «አውቶ ቮሊዩም» የሚባለው ነው። እሱ ዝቅ ያለውን ያነሳል፣ የጮኸውን ይጫናል። ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ እሱ ነው። ዋጋ አለው፤ ፍንዳታው እንደ ፍንዳታ አያስደነግጥም። የ4 ዓመት ልጅ አጠገብዎ ተቀምጦ፣ ከታች ጎረቤት ተኝቶ ሳለ ግን ይህ ኪሳራ አይደለም። «ሰራውንድ» የሚለውን ያጥፉት። ከሁለት ትንንሽ ስፒከር የአዳራሽ ድምፅ ለማስመሰል ሲሞክር ንግግሩን ይበትነዋል። ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያ) ካለ ቤዙን ዝቅ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። በኢንተርኔት የሚያዩ ከሆነ ደግሞ የድምፅ ምርጫው ውስጥ 5.1 (ያ የስድስት መስመሩ) እና ስቴሪዮ (ለሁለት ስፒከር የተዘጋጀው) ተለይተው ከመጡ ስቴሪዮውን ይምረጡ።

አሁን የሆም ቴአትሩን ነገር በግልጽ ላስረዳ። የመሀል ስፒከር ስላለው ንግግሩን ማሻሻሉ እውነት ነው። ችግሩ ቤትዎ ነው። የኋላ ስፒከሮች ከተመልካቹ ኋላ ቦታ ይፈልጋሉ። የኮንዶሚኒየም ሶፋ ግን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ብዙ ቤት ስትሄዱ አምስቱም ቡፌው ላይ በሰልፍ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። እንዲያ ከሆነ የተገዛው አምስት ስፒከር አይደለም፣ ጌጥ ነው። ቤዙ ደግሞ የባሰ ነው። 50 ኸርዝ ላይ የሚመታ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። መጋረጃም ምንጣፍም አያቆመውም። በወለሉ ኮንክሪት በኩል ወርዶ የታች ቤት ኮርኒስ ላይ ይመታል። ጎረቤትዎ አሁን በቲቪው ስፒከር ካንኳኩ፣ በሆም ቴአትር ቤዝ ኮሚቴ ይዘው ነው የሚመጡት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋትም አይመኑ። ከጎኑ ፒኤምፒኦ (PMPO) የሚል ካለ ቁጥሩ ለማሻሻጥ የተጻፈ ነው። የሚታመነው አርኤምኤስ (RMS፤ ሳያቋርጥ ማውጣት የሚችለው ኃይል) የሚለው ነው፤ እሱን ሲያዩ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ክፉኛ ያንሳል።

ምስሉ ሌላ ታሪክ ነው፤ ይህኛው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣበት ከ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደዚያው ነው። ዓይናችን «ፊልም» ብሎ የሚያውቀው መልክ የመጣውም ከዚያ ነው። ቲቪዎ ግን በሴኮንድ 60 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ምስሉን ያድሳል። ክፍተቱን ለመሙላት በሁለት ምስሎች መካከል የራሱን ግምት ፈጥሮ ያስገባል። እንቅስቃሴው እንደ ዘይት ይለሰልሳል። ስቱዲዮ ድራማ የሚመስልዎት ያ ነው። ይህን የሚጠሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ተዋናዩ ቶም ክሩዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ከአንድ ዳይሬክተር ጋር ሆኖ ሰው ይህን ነገር ከቲቪው ላይ እንዲያጠፋ የሚለምን ቪዲዮ ለቋል።

ካርቱን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በእጅ የሚሣል አኒሜሽን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ያህል ያቆየዋል። በሴኮንድ 12 ሥዕል ማለት ነው። ሠዓሊው እጁ ከዚህ እዚያ ዘሎ እንዲታይ ፈልጎ ነው። ቲቪው ግን «መሀሉ ጠፍቷል» ብሎ ያስብና ግማሽ እጅ፣ ግማሽ ግድግዳ የሆነ ነገር ይፈጥራል። ዙሪያው የሟሟ የመሰለዎት ይኸው ነው። አንዳንድ የኮምፒውተር አኒሜሽኖችም አሁን አሁን ሆን ብለው በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ማጥፊያው ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ክላሪቲ (ቆየት ባሉት አውቶ ሞሽን ፕላስ)፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። ሌላ ቲቪ ከሆነ ፒክቸር ሴቲንግ ውስጥ «ሞሽን» የሚል ቃል ይፈልጉ። ከእ.ኤ.አ. 2019 በኋላ በወጡ ብዙ ቲቪዎች ላይ ደግሞ ፊልምሜከር ሞድ የሚባል አለ፤ እሱን መምረጥ ብቻ ይህን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ሁለት ቀን ምስሉ ቢጫ የመሰለና የደበዘዘ ሆኖ ይታይዎታል። ይታገሡት። ዓይንዎ የለመደው በሱቅ ውስጥ ሰው እንዲስብ የተሠራውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ትንሽ መንጠር ካስቸገረዎት ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ይልቅ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይተዉት። ባለቤትዎ ኳስ የሚያዩ ከሆነ ግን ለኳስ ይመልሱት። እዚያ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ኳሷ ጭራ ሳታወጣ ትታያለች። ዲሹ በራሱ ሶኬት ስለሚገባ ለእሱ ሌላ፣ ለፍላሽ ሌላ ሴቲንግ መያዝ የሚችሉ ቲቪዎች ብዙ ናቸው።

ጨለማው ቦታ የማይታየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኢኮ ወይም ኢነርጂ ሴቪንግ የሚባለው ነው። ክፍሉ ሲጨልም የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፤ ያጥፉት። ብራይትነስ የሚለውን ግን ዝም ብለው አይጨምሩ፤ ባክላይት (የስክሪኑ የጀርባ ብርሃን) የሚል ካለ መጨመር ያለብዎት እሱን ነው። ሁለቱ ተለይተው ባሉበት ቲቪ ላይ ብራይትነስ ሲጨመር ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል።

ሁለተኛው ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቲቪውን በከንቱ ይወቅሳል። የሁለት ሰዓት ፊልም 700 ሜጋባይት ውስጥ ከታጨቀ ለአንድ ሴኮንድ የሚደርሰው 0.8 ሜጋቢት (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) ያህል ብቻ ነው። ብሉሬይ ዲስክ ላይ ያለው ምስል እስከ 40 ሜጋቢት ይደርሳል። ዋናውን ቦታ የሚበላው ደግሞ የሚቀያየር ነገር ነው፤ ጭስ፣ እሳት፣ ዝናብ፣ የሚበተን ፍርስራሽ። የአክሽን ፊልም ከእነዚህ ሌላ ምን አለው? ስለዚህ ጨለማውና ፍንዳታው ላይ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይቀየራል። ካርቱን ሰፋፊ አንድ ዓይነት ቀለም ስላለው በዚያው መጠን ደህና ሆኖ ይታያል። የዙሪያው መሟሟት ሳይቆጠር፣ ልጆቹ ካርቱን ሲያዩ ጥሩ፣ እናንተ አክሽን ስታዩ አስቀያሚ የሚሆነው ለዚህ ነው። 55 ኢንች ላይ ይህን የሚያስተካክል ሴቲንግ የለም። ለባለ 55 ኢንች ቲቪ የሁለት ሰዓት ፊልም ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ጊጋባይት ይሁን። ከ4 ጊጋ በላይ ሆኖ ፍላሹ «አልቀበልም» ካለ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 (FAT32) ስለሆነ ነው፤ ፎርማቱ ወደ ኤክስፋት (exFAT) ወይም ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) ይቀየር። ሲቀየር ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ያውጡት። በዋይፋይ ፈቃድ ካላቸው የፊልም አገልግሎቶች ማየት ከቻላችሁ የተሻለ ነው፤ ፍላሽ ላይ የሚጫነው ቅጂ ብዙ ጊዜ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተቀዳ መሆኑን እናውቃለን።

ጥራት ያለው ፋይል አግኝተው ምስሉ መጥቶ ድምፁ ጭራሽ ከጠፋም አይደንግጡ። ድምፁ ዲቲኤስ (DTS) በሚባለው ዓይነት ተቀድቶ ይሆናል። ሳምሰንግ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያወጣቸው ቲቪዎች እሱን አያነቡም፤ የተወሰኑ ዓመታት ኤልጂዎችም እንዲሁ። ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ (VLC) በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍተው በኤችዲኤምአይ ገመድ ቲቪው ላይ ያውጡት።

ይኸው ዘዴ ለእናትዎም ይሆናል። በአማርኛ የተጻፈ የግርጌ ጽሑፍ ከፍላሽ ሲከፍቱ ባዶ ሳጥን ሳጥን የሚመጣው ቲቪው የአማርኛ ፊደል ስለሌለው ነው። ላፕቶፑ ግን አለው። የጽሑፉ ፋይል ሲቀመጥ ኢንኮዲንግ በሚለው ላይ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) ይመረጥ፣ ፊደሉን ተለቅ ያድርጉት። እውነቱን ለመናገር ግን እማማ በሩጫና በተኩስ መሀል ጽሑፍ ሲያሳድዱ ከሚያመሹ ትርጉሙ ይሻላቸዋል። ጥራቱ ዝቅ ቢልም ታሪኩን ከእናንተ እኩል ይሰሙታል፤ ቀድመው መሳቅም ይችላሉ።

ትንሹን ልጅ በተመለከተ ጠንከር ልበል። ጆሮውን መያዙ ቅብጠት አይደለም። ድንገተኛ ድምፅ ለእሱ ከእርስዎ ይልቅ ከባድ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንጣፉ ላይ ወርዶ ቲቪው ሥር ነው የሚቀመጠው። ለ55 ኢንች ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ተኩል ርቀት ደህና ነው፤ እሱም ሶፋው ላይ ይቀመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን ነው የሚመክረው። ስለዚህ ባለ 90 ደቂቃ አኒሜሽን ለሁለት ምሽት ይከፈል። ልጆች ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ደጋግመው ማየት አይሰለቻቸውም። አክሽኑ እሱ ከተኛ በኋላ ይሁን። ናይት ሞዱ ያኔም ይጠቅማል። ፖስተሩ ላይ ፒጂ-13 (PG-13) የሚለውን የአሜሪካ የፊልም ዕድሜ ምልክት ካዩ ለ11 ዓመቱ ልጅ «ተፈቅዷል» ማለት አይደለም። ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የማይስማማ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው። ካርቱን የሆነ ሁሉ የልጅ ነው የሚለውንም ይተዉት፤ ለአዋቂ የተሠራ አኒሜሽን ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ብልጭታ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 አንድ የካርቱን ክፍል ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲፈራረቅ ወደ 685 ሕፃናት ሆስፒታል ተወስደዋል። በኋላ ሕጎች ወጥተዋል፤ ነገሩም ዛሬ ብርቅ ነው። ግን መብራት ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ስክሪን ሥር መቀመጥ አደጋውን ይጨምራል። ከቲቪው ኋላ ወይም ከጎኑ ትንሽ መብራት ይብራ። ከቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ያለበት ካለ ሐኪም ሳያማክሩ እንዲህ ያለ ፊልም አያሳዩ።

ቲቪውን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካሰቡም ግድግዳውን መጀመሪያ ያንኳኩት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ተራ ፊሸር ቀዳዳው ውስጥ ይንሳፈፋል። ክፍል ከክፍል የሚለየው አግሮስቶን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይስቀሉበት። ቡፌ ላይ የሚቆይ ከሆነም ልጁ ስቦ እንዳይጥለው ከኋላው በማሰሪያ ይያዝ።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ያልኩትን ሁሉ አድርገው ሁለት ቅዳሜ ይዩበት። ብር አያስወጣዎትም። ያኔም ንግግሩ ካልጠራልዎት ሳውንድባር (ከቲቪው ሥር የሚቀመጥ ረጅም ቀጭን ስፒከር) ይግዙ፤ ግን ማንኛውንም አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር 3 ይሁን፤ 3.0 ወይም 3.1። ሦስት ማለት የመሀል ስፒከር አለው ማለት ነው። ርካሾቹ 2.0 እና 2.1 ናቸው፤ ድምፅ ይጨምራሉ፣ የንግግሩን መጋፋት ግን አይፈቱም። ቤዙ ለብቻው የሚቀነስ መሆኑን ይጠይቁ፤ ቤትም ሲገባ ከጥግ ይራቅ። ከቲቪው ጋር የሚገናኘው ኤአርሲ (ARC) የሚል በተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ሶኬት ነው፤ በአንድ ሪሞት ሁሉንም ያዙበታል። ብሉቱዝ አይጠቀሙ፤ ድምፁ ከከንፈር ሊዘገይ ይችላል።

ሱቅ ሲሄዱ የሻጩን የማሳያ ቪዲዮ አይስሙ። እሱ ሙዚቃና ፍንዳታ ነው። የራስዎን ፍላሽ ይያዙ፤ ቤት ያስቸገረዎት ፊልም ላይ ሰዎች ቀስ ብለው የሚያወሩበትን ቦታ ይክፈቱ። ድምፁን ዝቅ አድርገው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይራቁ። ቃሉ ካልተለየ ዋጋውን ሳይጠይቁ ይውጡ።